ላፍዋርድ የተባለው ውሻ

ላም ካለበት በረት የሚጀምረውን ተረት ሌላ ሰው ያውራላችሁ። የእኔ የሚጀምረው ዳቦ ካለበት ቤት ነው።

ከብዙ ወንዝ ማዶ አንድ አገር ነበር። ስሙ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ባልጠራው ይሻለኛል ብዬ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ለሁሉም ነገር ስም አላቸው፤ ለእህሉም፣ ለከብቱም፣ ለዝናቡ ዓይነት ሁሉ። ለሹም ግን በገዛ ቋንቋቸው ስም ማውጣት ነውር ነው። ሹም የሚጠራበት ቃል ለሕዝቡ የማይገባ መሆን አለበት። ከገባማ ምኑን ማዕረግ ሆነው ይላሉ።

ነገሩ የመጣው ከድሮ ንጉሣቸው ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ከሚሉት የዝናብ አገር አንድ መንገደኛ መጥቶ ከንጉሡ ቤት ከረመ። ሲሸኙት በእጁ የሚሰጠው ነገር ስላልነበረው፣ ከአያት ቅድመ አያቶቹ የወረሳቸውን ሦስት ቃላት አበረከተ፤ ላፈታ፣ ላፍዲጌ፣ ላፍዋርድ። ትርጉማቸውን ሊያስከትል አፉን ሲከፍት ንጉሡ እጁን አነሳና፣ «እሱን ይዘኸው ሂድ፤ ትርጉም ክብር ይቀንሳል» አለው። ከዚያም ቃላቱን በጆሮው ብቻ መዘናቸው። ላፈታ ለስለስ ያለች፣ ምላስ ላይ ተንሸራታ የምትወርድ ሆና ስላገኛት ለሹማምንቱ ሰጠ። ላፍዲጌ ለንግሥቲቱ በቅሎ፣ ከእሷም በኋላ ለምትተካት በቅሎ ሁሉ ደረሰ። ላፍዋርድ ግን ጠንከር አድርገው ሲጠሩት ጩኸት ጩኸት ስለሚል፣ በጎተራው ደጅ ለሚተኛው ውሻ ተሰጠ። ውሻው ሲሞት ማዕረጉ ለልጁ፣ ከልጁ ለልጅ ልጁ እየተላለፈ ይኸው እስከዚህ ተረት ደረሰ።

ንጉሡ ሁለት ሕጎችንም ትቶ አልፏል። አንደኛው የማዕረግን ትርጉም መጠየቅ የሚከለክል ነው። «ምን ማለት ነው?» ያለ ሰው የላም ቃጭል በአንገቱ አንጠልጥሎ ገበያውን ይዞራል። ሕጉ የተነገረው ለማዕረግ ብቻ ቢሆንም ሰዉ ፈርቶ ጥያቄውን ከነጭራሹ ከአፉ አጠፋው። ነገር ያልገባው ሰው አሁን ያስላል። ሐኪም በሽታህ ይህ ነው ሲለው በሽተኛው «እህ እህ» ይላል፤ ሐኪሙም ሳል ጨምሮ ያክመዋል። በሰርግ ላይ ሽማግሌው ቃል ኪዳኑን ሲያስነብቡ ሙሽራው ጉንፋን ይዞት ቢያስል ሰርጉ ተበተነ ይባላል።

ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ይህን ይላል፤ ማዕረግ የወሰደ ከነወንበሩ፣ ከነሥራው፣ ከነሳህኑ ይውሰድ። ሁለት ሹማምንት ማዕረግ ተለዋውጠው ወንበር አንለቅም ስለተባባሉ የወጣ ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ ማዕረግ የለወጠ ስላልነበረ ሁሉም ረስቶታል። የማይረሳው አዋጅ ነጋሪው ብቻ ነው፤ ማዕረግ የሚነካ አዋጅ ባወጀ ቁጥር በመጨረሻው ላይ ይህንን ማስከተል ግዴታው ነውና። የተነገረ አዋጅ ደግሞ እስከ መስከረም አይነሳም።

አዋጅ ነጋሪው ማንያዘዋል ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ደረቱ ብቻ የሌላ ሰው የሚመስል ሰው ነው። በትንፋሹ ረገድ በአገሩ አቻ አልነበረውም። ይህ ትንፋሽ ደግሞ እንዲሁ ለጌጥ የተሰጠ አልነበረም፤ የአገሩ ዳቦ የሚቆረሰው በእሱ ነው።

ልንገራችሁ። በየቅዳሜው እያንዳንዱ ቤት ዱቄት ወደ ዳቦ ቤቱ ያመጣል። ሴቶቹ ያቦካሉ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል፣ ያ የአገር ድፎ በሳንቃ ተጭኖ በወንዶች ትከሻ ወደ አደባባይ ይወጣል። ሹማምንቱ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ይሰለፋል። ቢላው ድፎው ላይ ይቀመጣል። ማንያዘዋል የሹሙን ማዕረግ ሲጀምር ቢላው ይጀምራል፤ ማንያዘዋል ሲያበቃ ቢላው ይቆማል። በቃ፣ የሹሙ ቁራሽ ያ ነው። «ላ — ፈ — ታ» ብሎ አንዴ ከያዘው ጋሻ የሚያህል ቁራሽ ሳያወጣ አይለቅም። ሹማምንቱም ይህን ስላወቁ ማዕረጋቸውን አስረዘሙ። የላፈታ ምክትል ላፈታ መጣ። ቀጥሎ የላፈታ ምክትል ላፈታ ተጠባባቂ ላፈታ መጣ። እንዲህ እያለ ድፎው የሰልፉ መሐል ሳይደርስ ያልቅና ጭራው ላይ ያሉት የኮባውን ቅጠል ይዘው ይገባሉ። ቅጠሉ ላይ የተጣበቀች ቅርፊት አትጠፋም።

ጭራው ላይ ከሚቆሙት አንዷ የማንያዘዋል ሚስት የውብዳር ናት። ዳቦ ቤት የምታቦካ ሴት ስለሆነች እጇን ታጥባ እስክትመጣ ሁልጊዜ የሰልፉ ጭራ ይደርሳታል። ቅርፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣና ባሏ ፊት ትፈታዋለች።

«ይኸውልህ፣ የትንፋሽህ ትራፊ» ትለዋለች። «ዛሬ እንኳ ያን ሁሉ ምክትል ስትጠራ አንዴም አላሳለህ።»

ጭራው ላይ የቆሙት ከእሷ ይብሳሉ። ላፈታ የሚለው ቃል የመጣው ላፍ ከማድረግ ነው ብለው ያሾፋሉ፤ ላፍ አድርጎ የሚሄድ ስለሆነ። ማንያዘዋል ይህን ሲሰማ ይቆጣል። ምክንያቱም ከሁሉ ነገር በላይ የሚመኘው ላፈታ መባልን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ማዕረግ ሲጠራ ኖሯል። አንድ ቀን የራሱን ቢጠራ፣ በዚያ ትንፋሽ፣ ድፎውን ከዳር እስከ ዳር እንደሚያስቆርስ እና የውብዳርን ከዚያ ሰልፍ እንደሚያወጣት እርግጠኛ ነበር። ነገሩ ስግብግብነት ብቻ አልነበረም፤ ይወዳታል።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ እንግዳ መጣ። ስሙ ኤድዊን ነው፤ ያ የድሮው መንገደኛ ከመጣበት ከእንግሊዝ። ፀሐይ የጠበሰው ወፍራም ሰውዬ ሲሆን ጃንጥላ ይዞ አገር ለአገር ይዞራል። በአገሩ ያረጁ ቃላትን የሚያስተምር መምህር ነበር። የእነማንያዘዋልን ቋንቋ የተማረው በጎረቤት አገር ከቅቤ ነጋዴ ሴቶች ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል። አደባባዩ ዳር ቆሞ ቢላውን ያያል። ማንያዘዋል «ላ —» ብሎ ጀመረ። እንግዳው ጆሮውን አቀና። «ፈ —» ሲል ጃንጥላው ከእጁ ወደቀ። «ታ» ሲል ሰውየው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ይባስ ብሎ በዚያው ቅጽበት አንዷ ሴት ከጎተራው በኩል «ላፍዋርድ፣ ና ከዚህ» ብላ ውሻውን ጠራች። እንግዳው ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ማዕረግ ተጠርቶ ሳያልቅ መሳቅ ከባድ ወንጀል ነው። ይዘው ዳቦ ቤት ውስጥ የዱቄት ክፍል ዘጉበት። ችግሩ ሳቁ አብሮት አልተዘጋም። ጭራው ላይ ያሉት ለምን እንደሳቀ ሳያውቁ መሳቅ ጀምረዋል።

ታላቁ ላፈታ አጎናፍር የሹማምንቱ አለቃ ነው። ተሸክመውት ካልሆነ አይንቀሳቀስም። ማንያዘዋልን አስጠራና ከትራሱ ሳይነሳ አናገረው።

«ይህ ሰው የሳቀው ቃሉን ስለሚያውቀው ነው ይላሉ። አንተ ሂድና ትርጉሙን አምጣልን። ለቅዳሜ በሕዝብ ፊት ትናገራለህ፤ ለአንድ ሰዓት ሕጉን አንስተንልሃል። እንደምታውቀው ትርጉሙ የሚያኮራ ነው።»

«እርግጥ ነው፣ ክቡርነትዎ። ካልሆነስ?»

«ሆኗል አልኩህ። የሚያኮራ ትርጉም ይዘህ ከመጣህ በዚያው ቅዳሜ ላፈታ ትሆናለህ። የመጀመሪያ ቁራሽህን በራስህ አፍ ትጠራለህ።»

ማንያዘዋል እጅ ነስቶ ሲወጣ ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አላወቀም።

ወደ ዱቄቱ ክፍል ገብቶ እንግዳው ፊት ተቀመጠና ሕጉ ትዝ አለው። የተነሳለት ለቅዳሜ ብቻ ነው፤ ዛሬ መጠየቅ አይችልም። እህ እህ አለ።

«ውኃ ልስጥሽ?» አለ ኤድዊን።

«አይ። እንዲያው ላፈታ ማለት አንበሳ ማለት መሆኑን አባቶቻችን ነግረውናል።»

«ተሳስተሻል።»

«ንስር መሆኑንም የሚናገሩ አሉ።»

«እነሱም ተሳስተዋል።»

ማንያዘዋል ተራራ አለ፣ ዙፋን አለ፣ ነጎድጓድ አለ፣ የፀሐይ ወንድም አለ። እንግዳው እያንዳንዱን ሲሰማ ፊቱ ይቀላል፤ ሳቁን ለመያዝ ጢሙን ይነክሳል። በመጨረሻ አላስቻለውም።

«ምን ሆነሽ ነው? ዝም ብለሽ አትጠይቂኝም?»

«አንጠይቅማ። ቃጭል ያስይዛል።»

«እንግዲያው ሳትጠይቂ ልንገርሽ። ላፍ ማለት ዳቦ ነው።»

ማንያዘዋል የጭራው ሰዎች ሹፈት ትዝ ብሎት ደነገጠ። እንግዳው ቀጠለ። «አታ ደግሞ የሚበላ ማለት ነው። ላፍ፣ አታ። ላፈታ። የዳቦ በላተኛ። በአያቶቼ ዘመን በሰው ቤት አድሮ የሰው ዳቦ የሚበላ አገልጋይ እንዲህ ይባል ነበር።»

«አገልጋይ?»

«ሎሌ። የቤቱ አስተዳዳሪ የሚያበላው ሰው።»

ማንያዘዋል አንድ ጆንያ ተደገፈ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ እሱ ቀጭን ድምፅ እንዳለው ራሱም አያውቅም ነበር፣ «ታዲያ ያ ውሻ...» አለ።

«ላፍዋርድ። ዋርድ ማለት ጠባቂ፣ ዘብ።»

«ዋርድያ።»

«አዎ፣ እሱ ራሱ ነው። የሥጋ ዘመዱ ነው፤ በሌላ ባሕር ዞሮ በሌላ በር ገባላችሁ።» እንግዳው ስለ ቃል ሲያወራ ሳቁን ረስቶ ወደ መምህርነቱ ተመለሰ። «ላፍዋርድ የዳቦ ዋርድያ ነው። በእኛ አገር ጌታ ማለት እሱ ነበር። ጌታ ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ ዳቦው ለቤቱ ሰው ሁሉ እንዲዳረስ ይጠብቃል። ላፍዲጌ ደግሞ ዳቦውን የምታቦካው ናት፤ እመቤቲቱ።»

«አሁንም በአገራችሁ ጌታ እንዲህ ይባላል?»

«ቃሉ አልቆየም። ሰው ሲቸኩል ላፍዋርድ ላፎርድ ሆነ። ሲቸኩል ደግሞ ሎርድ ሆነ።»

«ዳቦውስ?»

«ተዋጠ» አለ ኤድዊን። «ዛሬ ሎርድ ሲባል ዳቦ ትዝ የሚለው ሰው የለም። ሎርዶቹም አያውቁም።»

ማንያዘዋል ሲወጣ የውብዳር ቡሃቃው ላይ ጎንበስ ብላ ታቦካ ነበር። የሰማውን አንድም ሳያስቀር ነገራት። ስለ ውሻው ሲነግራት ክርኗን ቡሃቃው ጠርዝ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች።

«እንግዲህ የእኔን ስም በቅሎዋ ናታ ይዛው የምትዞረው» አለች። «አያት ቅድመ አያቶቼ ሁሉ እዚህ ቤት ሲያቦኩ ነው ያለፉት። እመቤት ኖረዋል ለካ።» ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ቅዳሜ ምን ልትላቸው ነው?»

«የአገር ምሰሶ ማለት ነው እላለሁ።»

«እንግዳው እየሰማ?»

«እሱን ከዚያ በፊት ይሸኙታል።» ማንያዘዋል መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «አትቆጪኝ። ጉሮሮዬ እስኪደማ የሰው ማዕረግ ጠርቻለሁ። አንድ ጊዜ የኔን ብጠራ ምናለበት? ላንቺም እኮ ነው። ያን ቀን አንቺን ከዚያ ሰልፍ አወጣሻለሁ።»

«እኔን ታወጣኛለህ» አለች የውብዳር፣ ሊጡን እየገለበጠች። «ከእኔ ኋላ እነማን እንደሚቆሙ ግን አይተህ ታውቃለህ?»

አላየም። ሲጠራ ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

«ከለከልኩህ እንዴ፣ ጥራው» አለችው። «ብቻ ስትጠራ እንደ ልማድህ ጨፍን። እንዳታይ።»

ቅዳሜ ደረሰ። አደባባዩ ሞላ። እንግዳውን ቶሎ ሊሸኙት ቢፈልጉም በወንዙ ሙላት ምክንያት መሸኘት ስላልተቻለ በሁለት ዘብ መሐል አቁመውታል። ድፎው ወጣ፤ ያን ቀን የወጣው ድፎ ከወትሮው የተለቀ ነበር። በማንያዘዋል ትከሻ ላይ ካባ ጣሉበት። ታላቁ ላፈታ አጎናፍር፣ «ከዛሬ ጀምሮ ላፈታ ማንያዘዋል ነህ፤ ቁራሽህን ጥራ፣ ቀጥለህም ትርጉሙን ለሕዝቡ ንገር» አለው። ቢላው ድፎው ላይ ተቀመጠ።

ማንያዘዋል አየር ሳበ። ያን ያህል አየር ስቦ አያውቅም፤ ካባው ደረቱ ላይ ተወጠረ። ሊጨፍን ሲል ሚስቱ ጨፍን ያለችው ትዝ አለውና ዓይኑ እምቢ አለው። አየ። የውብዳርን አየ፤ ክርኗ ላይ ሊጥ ደርቆ፣ የነጠላዋን ጫፍ ለቅርፊት አዘጋጅታ። ከእሷ ኋላ አንዲት ያረገዘች ሴት ወገቧን ይዛ ቆማለች። ከእሷ ኋላ ሁለት ዓይነ ስውር ወንድማማቾች በአንድ በትር ተያይዘዋል። ከእነሱ ኋላ ደግሞ አባቱን ያዘለ ጎልማሳ አለ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሱ አፍ አዙረዋል። አላዘኑበትም፣ አልተቆጡትም፤ ምን ያህል እንደሚረዝም ብቻ ይጠብቃሉ። ማንያዘዋል አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

«ላፈታ» አለ። በአጭሩ።

ቢላው የድፎውን ቆዳ ብቻ ጫር አድርጎ ቆመ። የወጣችው ቁራሽ በሌላው በኩል ፀሐይ ታሳያለች።

«ትንፋሽ አጠረህ?» አለ አጎናፍር።

«አላጠረኝም፣ ክቡርነትዎ። ቃሉ ይህንኑ ያህል ነው። ሳስረዝመው የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ትርጉሙን ተናገር።»

 ምሰሶ የሚለው ቃል በማንያዘዋል ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። «የዳቦ በላተኛ ማለት ነው» አለ። «ጌታው የሚያበላው ሎሌ።»

አደባባዩ ላይ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም። አጎናፍር ፊቱ ድፎ መሰለ። ወደ እንግዳው ዞሮ፣ «እውነት ነው?» አለ።

«እውነት ነው፣ እመቤቴ» አለ ኤድዊን በአክብሮት።

ያን ጊዜ ሳቁ ከጭራው ተነሳ። መሐሉን አዳረሰ፣ ወደ ፊት መጣ፣ ድፎውን የተሸከሙት ሰዎች ሳቅ ይዟቸው ሳንቃው ተወዛወዘ። የላፈታ ምክትል ላፈታ ሳይቀር አፉን በካባው ሸፈነ። አጎናፍር ግን ሞኝ ሰው አልነበረም፤ አለቃ የሆነው በከንቱ አይደለም። እጁን አነሳና ዝም እስኪሉ ጠበቀ።

«ከሦስቱ ቃላት ጌታ የሚለው የቱ ነው?»

«ላፍዋርድ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ ማንያዘዋል። «የዳቦ ጠባቂ።»

«እንዲህ ከሆነ አባቶቻችን ተሳስተው የእኛን ማዕረግ ለውሻ ሰጥተውብናል። ከዛሬ ጀምሮ እኛ ሹማምንቱ ሁላችን ላፍዋርድ ነን። ውሻው ላፈታ ይሁን። አዋጁን ንገር።»

ማንያዘዋል ነገረ። ለቁራሹ የቆጠበውን ትንፋሽ ሁሉ ለዚህ አዋለው፤ የወንዙ ማዶ ሰዎች ሳይቀሩ ሰሙት ይባላል። ሹማምንቱ ደስ ብሏቸው እርስ በርስ «ላፍዋርድ» እየተባባሉ ተሳሳሙ። ማንያዘዋል ግን አላበቃም። ማዕረግ የሚነካ አዋጅ ጭራ አለው፤ ጭራውን ማስከተል ደግሞ ሥራው ነው።

«ማዕረግ የወሰደ» አለ፣ «ከነወንበሩ፣ ከነሥራው፣ ከነሳህኑ ይውሰድ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጎተራው ደጅ ዞረ። በደጁ ላይ የሣር ምንጣፍ አለ፣ ሰንሰለት አለ፣ ጠርዙ የተሸረፈ የሸክላ ገበታ አለ። ውሻው ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ጆሮውን ያካል።

አጎናፍር አዋጁ ይነሳ ሊል አፉን ከፈተና ጥቅምት መሆኑ ትዝ አለው። መስከረም እስኪመጣ ገና አሥራ አንድ ወር ያህል ይቀራል።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ውሻው የአጎናፍር ትራስ ላይ ወጣ። ማንያዘዋል ማዕረጉን በአጭሩ ጠራለት፤ ቁራሹን በላ፣ ጠገበ፣ ተኛ። ከዚያ በላይ ምንም ነገር አልጠየቀም። ምክትልም አልሾመም። ሹማምንቱ በተራ በተራ፣ አጎናፍር ግን አለቃ ነውና በየቀኑ፣ ጎተራው ደጅ ምንጣፉ ላይ ዋሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት አጎናፍር በሚያልፈው ሁሉ ላይ ጮኸ። ሰዎቹም ሥራውን በሚገባ ይዞታል አሉ።

ከሁሉ የከበደው ሳህኑ ነበር። ውሻው የሚበላው ከሰልፉ ጭራ በኋላ የተረፈውን ነው፤ ስለዚህ አዲሶቹ ላፍዋርዶችም እንደዚያው። በመጀመሪያው ቅዳሜ መሐል ላይ ያሉት ሰዎች ከድሮ ልምድ ተነስተው ወፍራም ወፍራም ቆረሱ፣ ድፎው ጭራው ጋ ሳይደርስ አለቀ፣ አጎናፍርም ጦሙን ዋለ። በሁለተኛው ቅዳሜ ምንጣፉን ትቶ ተነሳ። በገዛ እግሩ፤ ሳይሸከሙት። ሰልፉን ከፊት ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ይቆጥራል፣ ቢላው ላይ ዓይኑን ይተክላል፣ «አንተ፣ ይህችን ያህል ነበር የተባልከው፤ ከኋላህ ነፍሰ ጡር አለች፤ ዓይነ ስውራኑ ደግሞ ሁለት ናቸው፣ በአንድ አትቁጠሯቸው» ይላል። የጭራው ሰዎች ሲጠግቡ በዓይኑ ካላየ አያምንም ነበር፤ የእሱ ምሳ ከእነሱ በኋላ ነውና። ያን ቀን ድፎው ለሁሉ በቃ፤ በሸክላው ገበታም የሚበቃ ተረፈ። አጎናፍር ያቺን ትራፊ ሲበላ ያየው ሁሉ ዳቦ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ ብሎ ተገረመ።

ወንዙ ጎደለና ኤድዊን መንገዱን ቀጠለ። የውብዳር ስንቅ ስትቋጥርለት ወንድን አንቺ ማለት እንደማይገባ በደንብ አስረዳችው። እሱም ገብቶት እጇን ጨብጦ፣ «ደህና ሁን፣ የውብዳር፤ አንተ ጎበዝ ነህ» ብሏት ሄደ።

ማንያዘዋል ላፍዲጌ የሚለውን ማዕረግ ከበቅሎዋ ወስዶ ለሚስቱ ሊያሰጥ ፈልጎ ነበር። እሷ ግን ሕጉን አስታወሰችው። «ከነሳህኑ ነው አላልክም? ገለባ አልበላም፤ ኮርቻም አልሸከምም። ስሙ ለበቅሎዋ ይቆይላት፤ እኔ ማቡካቱን እቀጥላለሁ።»

መስከረም ጠባ። አዋጁ የሚነሳበት ቀን ደረሰና ሕዝቡ አጎናፍር ምን እንደሚል ለመስማት ጎተራው ደጅ ተሰበሰበ። አጎናፍር ከስቶ ግማሽ ያህሉ ቀርቷል፤ እሱንም ፀሐይ አጥቁሮታል። ሰንሰለቱን ማንም አላሰረበትም ነበር፤ ራሱ አንገቱ ላይ እንደ ኒሻን አጥልቆታል። እንዲያውም ሌሎቹ ሹማምንት የእኔ ሰንሰለት ይርዘም የእኔ ይርዘም ማለት ጀምረው ነበር፤ ከዚህ አገር ሰው ከዚያ በላይ ምን ይጠበቃል። አጎናፍር ወደ ትራሱ አየ። ውሻው ተኝቶበታል። ወደ ድፎው አየ።

«እኔ ከሄድኩ ይህን ማን ይጠብቀዋል?» አለ። ስለዚህ አዋጁ አልተነሳም።

አንድ ቅዳሜ ሥራ የበዛበት አንድ ሰው ሰልፉን እያቋረጠ፣ «ሎርድ፣ እባክህ ቶሎ በል» አለው። አጎናፍር ከምንጣፉ ብድግ አለ። «ዳቦውን የት አደረስከው?» አለው። «ተመለስና በሙሉ ጥራኝ።» ሰውየው ሰልፉ እየጠበቀውና እየሳቀበት ፊደል በፊደል ጠራው። ያ «ምን ማለት ነው?» የሚባል ጥያቄም ቀስ በቀስ ወደ ሰዉ አፍ ተመለሰ። የአገሩ ሳልም ያለ መድኃኒት ለቀቀ።

የማንያዘዋልን ማዕረግ ማንም አልወሰደበትም። አጎናፍር «እኛ ሹማምንቱ» ሲል እሱን ስላልቆጠረው፣ በዚያ አገር ከውሻው ሌላ ያለው ላፈታ እሱ ብቻ ነው። ትራሱ ላይ ከውሻው ጎን የመቀመጥ መብት ነበረው፤ ሰልፉ ላይ መቆምን መረጠ፤ ጭራው ላይ፣ ከሚስቱ ቀጥሎ። ካባውን ቤቱ ሰቅሎታል።

ከሰልፉ ተመልሰው ቁራሻቸውን ጠረጴዛ ላይ ያኖራሉ። እሱ እጁን ታጥቦ እስኪመጣ የውብዳር አትነካውም። ቢዘገይባት ብቅ ትልና፣ በዚያ ሲናፍቀው በኖረው ስም፣ ሳታስረዝም ትጠራዋለች።

«ላፈታ፣ ና ብላ።»

«አቤት፣ መጣሁ» ይላል ማንያዘዋል።

እኔም ተረቴን መለስኩላችሁ። አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን ከጠባቂው ጠይቁልኝ፤ ስሙን ስትጠሩ በሙሉ ጥሩት።